ሰማንያ ቀን ያልሞላት

የእህቴ ባል አጎት ድንኳን ከተተከለበት አይጠፋም። የሞተው ሰው የት እንደሄደ ይናገራል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ይሄዳል። ድሮ ሳቄን አፍኜ አዳምጠው ነበር። ከእህቴ ልጅ ሞት ወዲህ ግን ድምፁን ስሰማ ደሜ ይፈላል፤ ዛሬም አልበረደልኝም። በዕድሜው አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ ብዕሬ እምቢ አለ።

ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። የእህቴ ልጅ አርባውን አልፋ ሰማንያው ሳይሞላላት ታመመች። ወንድ ብትሆን ኖሮ ከተጠመቀች ሰንብታ ነበር።

ሲቀላ ሰፈር እነሱ ቤት ስደርስ ከክሊኒክ መድኃኒት ተሰጥቷት ተመልሳለች፤ ትኩሳቱ ግን አልለቃት ብሏል። እህቴ፣ «የንስሐ አባታችን ይጠሩልኝ፣ ያጥምቁልኝ» አለች። አጎትየው ጣቱን አነሣ።

«ቀኗ ሳይሞላ? ይሄ ሥርዓት ማፍረስ ነው። ደግሞም ሟርት ይሆናል። ትድናለች፣ ጠብቁ።»

ባሏ ያሳደገው አጎቱ ነውና እሺ አለ። ተጠበቀ። በማግስቱ ሞተች።

ፍትሐት አልተደረገላትም። ሁለት ወንዶች በነጠላ ጠቅልለው ወሰዷትና የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ቀብረዋት ተመለሱ። ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ እርሻ የሚውሉት ጎረቤቶች የሥራ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ሮጠው ቢመጡ ቀብሩ አልቆ ነበር።

ሲመሻሽ የንስሐ አባቷ መጡ። የሆነውን ሁሉ ሰምተው፣ «ልጄ፣ ለምን አልጠራችሁኝም? ለታመመ ሕፃን እኮ ቀን አይቆጠርም» አሉ። ቤቱ የሞላው ሰው አጎትየውን አየ። እሱ ብርጭቆውን አየ።

ያፍራል ብዬ ነበር። ቄሱ ከበር እንደወጡ ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ጻድቃን ማረፊያ ጀመረ። ጻድቅ ሲሞት መላእክት ተሸክመው ወደ አብርሃም እቅፍ ያደርሱታል፣ እዚያ ረኃብ የለም፣ ጥማት የለም። እህቴ ጡቷ አግቶ፣ ወተቱ ቀሚሷን አርሶት፣ ግድግዳ ተደግፋ ትሰማለች።

«ጋሼ፣ የኔስ ልጅ?» አለችው።

«እሷማ ገነትም አትገባ፣ ሲኦልም አትገባ። ሥቃይ የለባትም፤ ብርሃን ግን አታይም።»

ይህን ያለው ቆሎ እየቆረጠመ ነው። እኔ ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

«አብርሃምን በስንት ቀኑ ነው ያጠመቁት?» አልኩት። «የዳዊት ሕፃን ልጅስ? የሞተው በሰባተኛው ቀን ነው፤ ግዝረት ደግሞ በስምንተኛው ነው። አንድ ቀን ጎደለው። ዳዊት ግን ልጄ ጨለማ ገባ አላለም። ተነሥቶ ታጠበ፣ እህል ቀመሰ፣ እሱ ወደ እኔ ባይመለስም እኔ ወደ እሱ እሄዳለሁ አለ። ዳዊት የሚሄደው የት ነው? ይንገሩን እስቲ፤ ጨለማ ነው?»

ሰውዬው ትንሽ አሰበ።

«እሱ የንጉሥ ልጅ ነው» አለ። «በዚያ ላይ ወንድ ነው።»

ልመልስለት አፌን ስከፍት እህቴ እጄን ያዘችኝ። ተነሥታ ውሃ አስመጣችና ፊቷን ታጠበች። ከጨንቻ የመጣችው አክስታችን ከጠዋት ጀምሮ ብትለምናት አልነካም ያለችውን የቡላ ገንፎ ሳበችና በላች፤ ሁላችንም ዓይን ዓይኗን እያየን። አፏን ጠርጋ ወደ እሱ ዞረች።

«ጋሼ፣ የአብርሃም እቅፍ ለእርስዎ ይሁንልዎ። እኔ ስሞት ልጄ ያለችበት ነው የምሄደው። ጨለማም ቢሆን ግድ የለኝም፤ ሕፃን በጨለማም ይጠባል።»