ኮልቢ የተዋሰው ፎጣ

ኮልቢ ድራይሊንግ ገና በሃያ ሦስት ዓመቱ ከአልጋ የሚወርደው እንደ ሽማግሌ ነው። ቀኝ እግሩን በሁለት እጁ ደግፎ ያወርዳል፣ ከዚያ ግራውን፣ ከዚያ ትንሽ ቁጭ ይላል። ያን ቅዳሜም እንደዚሁ ቁጭ አለ። ውጭ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጥላል። ለኮሌጁ የሚጫወተው የመጨረሻ የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ነው።

በዚህች የካንሳስ ከተማ የኮሌጁን ቡድን እንደኔ የሚያውቅ የለም። አርባ አንድ ዓመት ሜዳው በር ላይ ትኬት ቆርጫለሁ፣ ሰባት አሰልጣኝ መጥቶ ሲሄድ አይቻለሁ። ሌላው ቡድን አንድ ኳርተርባክ ይበቃዋል፤ ኳሷ መጀመሪያ እሱ እጅ ትገባለች፣ ወይ ይወረውራታል፣ ወይ ይዟት ይሮጣል። የኛው አሰልጣኝ ሄስተን ግን ሥራውን ለሦስት ልጅ አከፋፈለው። ትሬንት ይወረውራል። ዴሾን በዳር በኩል ይፈተለካል። ነጥብ የሚቆጠርበት መስመር ጋ ለመድረስ አንድ ሁለት ያርድ፣ ማለት አንድ ሁለት እርምጃ ሲቀር፣ ግንብ የሚያካክል ሰው ተደርድሮ ሲቆም፣ ያኔ ኮልቢ ይጠራል። ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ይገባባቸዋል፣ በቃ። ሕዝቡ «ማረሻው» ይለዋል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሌሎችም እኛ ነን ይላሉ፤ ይበሉ።

እንዲህ ሲያርስ አምስት ዓመት ሞላው። ኳሷን ግን አንድ ቀን ወርውሯት አያውቅም። በቡድኑ መዝገብ ላይ፣ ከስሙ ጎን «የወረወረው» በሚለው ቦታ ዜሮ ነው ያለው። እሷ ዜሮ ነበረች የምታንገበግበው። ኮሌጁ የወሰደው በክንዱ ነበራ። አባቱ ለሮይ ስንዴ ገበሬ ነው፤ ልጁ በአሥራ አራት ዓመቱ ኳሷን በኮምባይነሩ አናት ላይ ሲያሳልፋት፣ ወዲያ ማዶ ቆሞ የሚቀልብለት እሱ ነበር። ያ ኮምባይነር አንዴ አጨዳ መሀል ቆሞበት መካኒኩ ሁሉ ሲያቅተው፣ በሽቦ አስሬ ያስነሳሁለት እኔ ነኝ። ለሮይን ብትጠይቁት ይክዳል።

ከጨዋታው በፊት የሚመረቁት ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ሜዳ ይገባሉ። አባትና ልጅ መግቢያው ጋ ተራ ሲጠብቁ ለሮይ ከጃኬቱ ኪስ ቢሮክ አወጣ፤ ጎመንና ሥጋ የተሞላ ዳቦ ነው፣ ገና ሙቅ ነበር።

«ብላ።»

«ከጨዋታ በፊት አልበላም አባዬ።»

«አራት ጊዜ ገብተህ ለምትወጣው? ግማሹን ብላ።»

ኮልቢ ሳቀ፤ ሲስቅ ጎኑን ወጋው።

«ዛሬስ ያስወረውርህ ይሆን?» አለ ለሮይ።

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ሦስት ሰዓት ነድቼ የመጣሁት ሰው ተከምሮብህ ጫማህን ለማየት አይደለም።»

«አምስት ዓመት እሱን አይደል እንዴ ያየኸው?»

«ለዚህ እኮ ነው የታከተኝ። አንተን አልታከተህም?»

ኮልቢ ግማሹን ቢሮክ በላ። ተራቸው ደርሶ ስማቸው ተጠራ።

ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው በአራት ነጥብ ተበልጠናል። ሁለት ያርድ ቀርቶናል፣ ያለን ሙከራ አንድ ብቻ ነው። ሄስተን የቀረችውን የመጨረሻ እረፍት ጠየቀና ኮልቢን ጠራው።

«ማረሻው፣ ሁሉም የሚጠብቁት እንድትሮጥ ነው። ሁለት እርምጃ ወደፊት ሂድ፣ ቁም፣ ከዚያ ቢከር ከኋላቸው ሾልኮ ይቀልብሃል፣ ጣልለት።»

«ልወርውር ነው የሚሉኝ ኮች?»

«በምን ቋንቋ ልንገርህ?»

የኮልቢ እጅ በዝናብ ርሷል። ትሬንት ሁልጊዜ ወገቡ ላይ ነጭ ፎጣ ያንጠለጥላል፤ የሚወረውር ሰው ጣቱ መድረቅ አለበት። ሯጭ ግን ኳሷን ደረቱ ላይ አቅፎ ነው የሚሄደው፣ ኮልቢ ፎጣ ይዞ አያውቅም። ትሬንት የራሱን መዝዞ የኮልቢ ቀበቶ ላይ ሻጠለት።

«አዋስኩህ እንጂ አልሰጠሁህም» አለው።

ኮልቢ ገብቶ ቦታውን ያዘ። ጣቶቹን አንድ ባንድ ጠረገ። ፊት ለፊቱ ሃምሳ ሁለት ቁጥር ለባሹ ተከላካይ ቆሟል፤ አራት ዓመት ሙሉ ሲጋጩ ወዳጅ ሆነዋል።

«ማረሻ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው?»

«ያው ነው። ያንተስ ወገብ?»

«ተወው እባክህ።» ይህን እንዳለ ዓይኑ ፎጣው ላይ አረፈ። ፈገግታው ጠፋ። ዞር ብሎ ጮኸ፦ «ፎጣ ይዟል፣ ሊወረውር ነው፤ ወደኋላ፣ ወደኋላ!»

ኮልቢ ጣቶቹን የጠረገው እፊታቸው ነው። ስህተቱ የማንም አይደለም፣ የራሱ ነው። እረፍት የለም፣ ሰዓቱ እያለቀ ነው። ኳሷ መጣች። ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ቆመ፣ ክንዱን አነሳ። ቢከርን ሁለት ሰው ተጣብቆበታል። ቢወረውራት ዜሮው ይሰረዛል፤ ብትነጠቅ ደግሞ ሁሉም ነገር አበቃ። ክንዱ እዚያው አየር ላይ እንዳለ ወደፊት አየ። ሁልጊዜ ሰው የሚደረደርበት ቦታ ላይ ሣር ይታያል። አምስት ዓመት እዚያ ሲገባ ሣሩን አይቶት አያውቅም።

ክንዱን አወረደና ሮጠ። ማንም አልነካውም። መስመሩን በእግሩ ቆሞ አለፈ። ስድስት ነጥብ ሆነ፣ አሸነፍን።

በኋላ መልበሻ ቤት ልጆቹ ሲዘፍኑ እሱ ፎጣውን አጥፎ ለትሬንት ሰጠው።

«ያዛት፣ ያንተ ናት» አለ ትሬንት።

«አዋስኩህ ነው ያልከው» አለው ኮልቢ፣ እጁ ላይ ትቶለት ወጣ።

ለሮይ መኪናውን አሙቆ ይጠብቀዋል። ኮልቢ ቀኝ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ አስገባ፣ ቀጥሎ ግራውን።

«ክንድህ ሲነሳ አየሁት» አለ አባቱ።

«አየኸው?»

«አየሁት። ያ ቀላቢ ልጅ ተይዞ ነበር።»

«ተይዞ ነበር።»

ለሮይ የመስታወቱን መጥረጊያ አስነሳ። የቀረውን ግማሽ ቢሮክ አቀበለው፤ ቀዝቅዟል። ኮልቢ እሱን እያኘከ፣ ከከተማው ሳይወጡ እንቅልፍ ወሰደው።