ከአፉ አንዲት የገብስ ፍሬ ሲጎድል

ሥራዬ ሰው ቤት እየሄዱ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ መድኃኒት አስታውሳለሁ። ሥራውን አልጠላውም፤ መጠበቅ ግን አልችልበትም። ማይክሮዌቭ እንኳ ሳይጨርስ ነው የምከፍተው። እግዜር ይህን አይቶ ይመስለኛል፣ ሮዝቪል የምትባል ከተማ ውስጥ አፓርታማ ተከራይተው ብቻቸውን ከሚኖሩ አንዲት የቲቤት አሮጊት ጋር ያገናኘኝ። "እማማ" እላቸው ነበር። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸው።

እማማ ቡድሂስት ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ መደርደሪያ ላይ የቡድሃ ምስል፣ ከፊቱ ደግሞ ሰባት ትንንሽ የነሐስ ጽዋዎች ተደርድረዋል። ጠዋት ጠዋት ሰባቱን ንጹሕ ውሃ ይሞሏቸዋል። ማታ ውሃውን ደፍተው፣ ጽዋዎቹን አድርቀው ይገለብጧቸዋል። በማግስቱ እንደገና ያው ነው። እኔ የማርያም ልጅ፣ መጀመሪያ ሰሞን በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር አማትብ ነበር። አይተውኝ በሳቅ ፍርስ አሉ።

"ለምን ውሃ?" ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ቀን። ከእሳቸው እንግሊዝኛና ከእኔ እንግሊዝኛ የቱ እንደሚብስ እንጃ፣ ብቻ እንግባባለን።

"ውሃ ሲሰጡት አይቆጭም" አሉኝ። "ሳይቆጭሽ መስጠት በውሃ ነው የሚለመደው።"

ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግን ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሰባት ጽዋ ለመሙላት ግማሽ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። የእኔ ሺፍት የሚያልቀው ደግሞ ውሃው ሞልቶ እሳቸው ለጸሎት ሲቆሙ ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ በልቤ "ኧረ በማርያም!" እላለሁ። ልሙላልዎት ስላቸው፣ "ምሳዬን አንቺ ብትበይልኝ እኔ እጠግባለሁ?" ይሉኛል። ያም ሳያንስ፣ እያንዳንዱ ጽዋ ከአፉ አንዲት የገብስ ፍሬ ያህል ሲጎድል ማቆም አለባቸው። እኛ ቤት ለሰው ጎደሎ መቅዳት ነውር ነው። እናቴ ጢም አድርጋ ካልሞላች የቀዳች አይመስላትም ነበር። እና እኔ፣ ሴትዮዋ ቡድሃቸውንም ይሰስቱበታል እንዴ ብዬ አማኋቸው።

አንድ ዓርብ ቸኮልኩ። እሑድ የእህቴን ልጅ ክርስትና ላነሳ ነው። ፊሊፕስ ሰፈር ያለች ሹሩባ ሠሪ በስንት ልመና ቀጠሮ ሰጥታኛለች፤ ካረፈድሽ ሌላ ሰው አስገባለሁ ብላኛለች። እማማ ገና ሁለተኛው ጽዋ ላይ ናቸው።

"ዛሬ እጅዎ ደክሟል፣ ይረፉ እስቲ" አልኳቸው፣ ድምፄን አለስልሼ። አይሆንም አሉ። ማንቆርቆሪያውን ተቀበልኳቸው። ነጠቅኳቸው ብል ይሻላል። ሰባቱን ባንድ ደቂቃ ጢም ጢም አደረግኳቸው፣ እንደ እናቴ። መደርደሪያው ላይ ፈሰሰ፣ ከዚያም ወደ ወለሉ ተንጠባጠበ። አይቼዋለሁ። ይደርቃል ብዬ ካፖርቴን አንጠልጥዬ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አሮጊት ረዳሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ድራይቭ አደረግኩ። አይ እኔ!

ግማሽ ጸጉሬ ተሠርቶ ግማሹ እንደቆመ ስልኬ ጮኸ። አፕል ቫሊ የምትኖረው የእማማ ልጅ ናት። እናቷ ለጸሎት ሲቆሙ ውሃ አንሸራቷቸው ወድቀው ግራ እጃቸው ተሰብሯል። "በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጇ አፍስሳው ነው። ስንቴ ነግሬያታለሁ!" አለችኝ።

እኔም "እግዜር ይማራቸው" አልኩና ያልተሠራውን ግማሽ ጸጉሬን ለሹሩባ ሠሪዋ መለስኩላት።

ቅዳሜ ስሄድ ልጅቷ ቆርጣለች። ሰኞ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ይገባሉ፤ አልጋም አግኝታለች። እማማ በሕይወታቸው የሚፈሩት አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። "እዚያ ሁሉን ነገር ሰው ይሠራልሻል" ይሉኝ ነበር፣ እስር ቤት የሚያወሩ ይመስል። አሁን እጃቸው በጀሶ ታስሮ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። አዩኝ። ልጅቷ ልብስ ልታጥብ ምድር ቤት ስትወርድ ጠብቄ፣ "ለምንድነው ያልነገሯት?" አልኳቸው፣ ጭራሽ እኔው ተቆጥቼ።

"እኔ ወደቅኩ፤ መውደቄን ነገርኳት። ያንቺን እኔ እንዴት ልናገርልሽ?"

ንድድ አለኝ! ለራሳቸው ሲሉ እንኳ አይናገሩም? ቤታቸው ነው እኮ የሚሄደው! እስከ ቤቴ ድረስ እየተነጫነጭኩ ነዳሁ። ብናገር የቀጠረኝ ኤጀንሲ ያባርረኛል፣ ልጆች አሉኝ፣ ደግሞስ በእሳቸው ዕድሜ አንድ ቀን መግባታቸው ይቀራል እንዴ? እንዲህ እያልኩ ለራሴ ጥብቅና ቆምኩ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሕፃኗን ታቅፌ ቆምኩ፣ ሹሩባዬ አምሮ። ቄሱ ሰይጣንን ትክጃለሽ ወይ ብለው ጠየቁ። የሰማንያ ቀን ልጅ ምን ትበል? እኔ መለስኩላት፣ እክዳለሁ ብዬ። ያኔ የእማማ ንግግር ትዝ አለኝና ላብ አጠመቀኝ። ሕፃኗ አፍ ስለሌላት ነው እኔ የምናገርላት። እኔ ግን አፍ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ስደርስ የእማማ ልጅ ጽዋዎቹን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ትከታለች። ካፖርቴን ሳላወልቅ በሩ ላይ ቆሜ፣ "ውሃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። እሳቸው አይደሉም። አይቼው ሳልጠርገው ወጣሁ" አልኳት።

አፈጠጠችብኝ። "ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ብለሽ ልትሸኛት ነበር?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

ስልኳን አንስታ መጀመሪያ ነርሲንግ ሆሙ ጋ ደወለች፤ እናቴ አትመጣም አለች። ቀጥላ ኤጀንሲዬ ጋ ደወለች፤ ይህቺ ሴት ከነገ ጀምሮ እዚህ ቤት እንዳትመጣ አለች። ይገባኛል። እማማ ይህን ሁሉ እየሰሙ በሚንቀጠቀጠው እጃቸው ካርቶኑን ከፍተው አንድ ጽዋ አወጡ። ጋዜጣውን ግን ባንድ እጅ መፍታት አቃታቸው።

"ዛሬ እጅ የለኝም" አሉኝ። "አግዢኝ።"

ልጅቷ የሆነ ነገር ልትል ነበር፣ እማማ በቋንቋቸው አንዲት ቃል ተናግረው ዝም አሰኟት። ሰባቱንም ፈታሁ፣ ደረደርኩ። ማንቆርቆሪያውን ይዤ ጠብ ጠብ እያደረግኩ መቅዳት ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ ልማዴ ሆኖ ወደ አፉ ስጠጋ፣ እማማ ጣታቸውን ጽዋው ጠርዝ ላይ አኖሩ። አቆምኩ። ሰባቱ ግማሽ ሰዓት ፈጁብኝ።

ስጨርስ ፎጣ አምጥቼ ተንበረከክኩና ከመደርደሪያው ሥር ያለውን ወለል ጠረግኩ። ልጅቷ፣ "ደረቅ እኮ ነው፣ ምንም አልፈሰሰም" አለችኝ።

አውቃለሁ። ጠረግኩት።