የጃንዋሪ ወፍ

ታይፒንግ ከተማ ውስጥ ጃንዋሪን የሚሰርቅ ሰው አለ ተብሎ ይወራል። ሰውየው በየሱቁ እየገባ፣ ባለቤቱ ዞር ሲል ጠብቆ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሻይ ቤቷን የእትዬ ሙይን ካላንደር ወደ ፌብሩዋሪ ይገልጠዋል አሉ። በዚህ የተነሳ ዓሣ ሻጩ ወሩ ሳይሞላ የቤት ኪራይ ከፍሏል፤ አንዲት ሙሽራም ቬሎዋን ለብሳ ሙሽራው ገና ፀጉሩን ሳይስተካከል ከች ብላበታለች። የሌባው ስምም ይጠራል፦ ቴዮንግ፣ ጡረተኛው ሰዓት ጠጋኝ።

እኔ ግን ማመን ቸገረኝ። ዕድሜ ልኩን የሰው ሰዓት ሲያስተካክል የኖረ ሰው እንዴት ቀን ያዛባል? ደግሞ ቴዮንግ ያለ ካሜራ ሌንሱ አይንቀሳቀስም፤ ሌንሱ ደግሞ በሱቅ በር አይገባም። መድፍ ነው የሚያክለው። ሐይቁ ዳር ሲደግነው ጦጣዎቹ እጃቸውን ያነሳሉ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። እትዬ ሙይ በየዓመቱ ለሻይ ቤቷ ደንበኞች ካላንደር ታድላለች። ፎቶዎቹን የምናነሳላት ሐይቁ ዳር ለወፍ ስናደባ የምንውል ጡረተኞች ነን። የጃንዋሪ ገጽ የቴዮንግ ርስት ነበር፤ ካላንደሩ ገና ሲሰቀል ከተማው ሁሉ የሚያየው እሱን ነዋ።

ዓምና አንድ ቀን ጠዋት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ቴዮንግ መድፉን ተክሎ ሰማያዊዋን ዓሣ አጥማጅ ወፍ ይጠብቃል። ጓደኛው ጎፓል፣ የቀድሞው ፖስተኛ፣ ሳሙና የምታክል ካሜራውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሮቲ ቂጣውን ይገምጣል። ወፏ መጣች። ያን ሁሉ ዛፍ ትታ የቴዮንግ ሌንስ ጫፍ ላይ ጉብ አለች! ያ ሌንስ ማዶ ያለ የጉንዳን ጢም ይቆጥራል እንጂ አፍንጫው ላይ ያለውን አያይም። ቴዮንግ አጮልቆ ቢያይ ሰማያዊ ጉም ብቻ።

«የት ገባች?» አለ በሹክሹክታ፣ አፉን ከፍቶ።

«ንቅንቅ እንዳትል፣ ወንድሜ» አለው ጎፓል። «እንዴት አምሮባችኋል!» ቀጭ አደረጋቸው።

እትዬ ሙይ ፎቶውን አይታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችና ጃንዋሪን ለጎፓል ሰጠች። ለቴዮንግ ፌብሩዋሪ ደረሰው።

«ፌብሩዋሪ? ቀኑ እንኳ ያልሞላለትን ወር?»

«ምን ቀረብህ? ጃንዋሪም ላይ እኮ አለህ» አለችው።

«የወፍ መቀመጫ ሆኜ!»

ከዚያ ወዲህ ቴዮንግ እንቅልፍም ምግብም ተወ። እትዬ ሙይ ለጎፓል ቡና የጣሳ ወተት ስትጨምር፣ ከማንኪያው ላይ የምትንጠባጠበውን ጠብታ ሳይቀር በዓይኑ ይመዝናል። ጎፓል ካስነጠሰው «ዝና ነው ያሳመመው» ይላል። ጎፓል ራሱን ቢነቀንቅ ለፎቶ ነው፤ ዝም ቢል ኩራት ነው።

ትናንት ሻይ ቤት ስንገባ፣ ጃንዋሪ ገና ሳይጋመስ ግድግዳው ላይ ፌብሩዋሪ ተገልጧል። ጎፓል ወንበሩን ወደ ቴዮንግ ሳበ።

«ስማ፣ እኔና አንተ ልጆች አይደለንም። በእኔ ቀንተህ ነው አይደል ከተማውን በአንድ ወር ያስረጀኸው? አዎ በለኝና ለከርሞ ጃንዋሪን እለቅልሃለሁ። እትዬ ሙይም እሺ ብላለች።»

ሁላችንም ሲኒያችንን አስቀመጥን። ርስቱ በአንዲት «አዎ» ሊመለስለት ነው። ቴዮንግ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ የጎፓልን ቡና አየ። ወተቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ነው።

«እኔ? በአንተ?» አለና ብድግ አለ። «አንድም ካላንደር ነክቼ አላውቅም። ቅናት የሚሉት ነገር በደጄ አላለፈም። ወፍ የሚባል ነገርም ሌንሴ ላይ አልተቀመጠም። አፉን የከፈተው ሰውዬም እኔ አይደለሁም!»