አያቴ አንድ ሰው ናቸው

ዛሬ አንድ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ሠራተኛ አያቴን ሁለት ሰው አደረጋቸው።

ሱሉልታ ያለው እርሻችን ማስተር ፕላኑ ውስጥ ገብቷልና ማስረጃ አምጡ ተባልን። አያቴ ኮሪያ ዘምተው ሲመለሱ መሬቱ የተሰጠበትን ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ።

«እህቴ፣ መታወቂያሽ ላይ አያትሽ ጉርሜሳ ይላል። መሬት የተሰጠው ወታደር ግን ግርማ ነው።»

አያቴ ወታደር ቤት ሲቀጠሩ መዝጋቢው ጉርሜሳ ለጥሪ አይመችም ብሎ ግርማ እንዳላቸው ነገርኩት። (ተኩስ ሲከፈት ግን ስማቸው ማንንም አላስቸገረም።)

«በቃ፣ መሬቱ አይመለከተንም ብለሽ ፈርሚ» አለኝ።

አልፈረምኩም። ወደፊትም አልፈርምም።

ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ያላችሁ፣ አያቶቻችሁ ወታደር ቤት ስማቸው ተቀይሮ ከሆነ የቤት ስማቸውንም የሠራዊት ስማቸውንም እዚህ ጻፉልኝ። ሰኞ ዝርዝሩን ይዤ እመለሳለሁ፤ ሁላቸውንም ለሁለት ይክፈላቸውና እናያለን።