የጸዳለ ጉማጅ

በሰው አገር፣ ሃውገንስቱዋ በሚባል ሰፈር፣ ጸዳለ ቤት በር ላይ አንድ የእንጨት ጉማጅ አለ። ባሏ አለማየሁ ጫማውን የሚያስረው እሱ ላይ ተቀምጦ ነው። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ተቀምጣበት አታውቅም፤ ባየችው ቁጥር ደሟ ይፈላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና በስኮትላንዶች ባህል በሚካሄድ የጉልበት ውድድር ላይ ከሴቶቹ አንዷም የሚወረወረውን ግንድ መገልበጥ አልቻለችም። ደንቡ ደግሞ የማይገለበጥ ግንድ በመጋዝ ተቆርጦ ይጠር ይላል። ቁራጯን አለማየሁ ተሸክሞ አመጣት፤ ዘንድሮም ከተቆረጠ ጥንድ ይሆንልናል እያለ ሲቀልድ ከረመ። ጸዳለም ዘንድሮ መጋዝ አይነካውም ብላ አብረዋት በሚዘምሩት የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሁሉ ፊት ተናገረች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሃያውን ዓመት በመጦሪያ ቤት አረጋውያን ስታነሳና ስታስተኛ ኖራለች፤ በክንዷ የሚጠራጠር ካለ እሱ አያውቃትም።

የዘንድሮው ውድድር ሮመን በሚባል ሜዳ ላይ ነበር። ግንድ ውርወራ ርቀት አይለካበትም። ሁለት ሰዎች ግንዱን ያቆሙታል፤ ተወዳዳሪዋ ጎንበስ ብላ ሥሩን በሁለት እጇ ትይዛለች፣ ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ትነሳለች፣ ሮጣ ሥሩን ወደ ላይ ትወረውራለች። ጫፉ መሬት መትቶ ሥሩ በላዩ ዞሮ ወደ ፊት መውደቅ አለበት፤ ቀጥ ብሎ ከወደቀ ደግሞ እሰየው። እያንዳንዷ ሦስት ሙከራ አላት።

ሁለት ዙር አለፈ፤ ማንም አልገለበጠውም። ጸዳለም ባላት ኃይል ሁሉ ብትወረውርም ግንዱ ሁለት ጊዜ ወደ ራሷ ተመለሰባት። በሦስተኛው ዙር ሌሎቹ ጨርሰው እሷ ብቻ ስትቀር፣ ዳኛው ፊሊፕ፣ እንደ ስኮትላንዶቹ ቀሚስ የለበሰው ጢማም፣ ከመኪናው መጋዙን አውጥቶ ሳሩ ላይ አጋደመው። አለማየሁ ጠጋ ብሎ፣ ወገብሽን ሳትጎጂ ብትተዪው ምን አለበት አላት።

ጸዳለ መጋዙን አየችው። ያኔ ነው ጥፋቷ የገባት፤ በንዴት ስትቸኩል ነበር። ሥራ ቦታዋ የምትረዳቸውን አሮጊት ማርያን ከወንበር በጉልበት ብትጎትታቸው አብረው ይወድቃሉ። ጎንበስ እስኪሉና ክብደታቸው እግራቸው ላይ እስኪያርፍ ከጠበቀች ግን ትንሽ ድጋፍ ይበቃቸዋል።

"ማርያን እንደማነሳቸው ነው የማነሳው" አለችው።

ግንዱን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ሮጠች፣ ቆመች፣ አልወረወረችም። ሰዉ ያመለጣት መሰለው። እሷ የግንዱ ጫፍ ወደ ፊት እስኪያዘነብል ጠበቀች፤ ከዚያ ሥሩን ብድግ አደረገችው። ጫፉ መሬት መታ፣ ግንዱ ተገትሮ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያም ወዲያ ማዶ ወደቀ። ፊሊፕ ትንሽ ወደ ግራ ዘምሟል አለ። ይዝመም፤ የገለበጠ ሌላ የለ! ጸዳለ መጋዙን ራሷ አንስታ መኪናው ውስጥ መለሰችለት። ደስታዋን ልትደብቅ አልሞከረችም።

ቤት ሲደርሱ አለማየሁ እንደልማዱ ወደ ጉማጁ ሄደ። ቀደመችውና ለመጀመሪያ ጊዜ ተደላድላ ተቀመጠችበት፤ እግሯንም ዘረጋችለት።

"መዳፌ ተልጧል" አለችው፤ "ጫማዬን ፍታልኝ።"