ተማሪዬ ያገኘችው ቀዳዳ

ዲላ ላይ ኮምፒውተር ሳይንስ ሳስተምር ብዙ የመመረቂያ ሥራ አማክሬያለሁ። እንደዚያች የገደብ ወረዳ ልጅ ሥራ ያኮራኝ ግን የለም። አባቷ ቡና አምራች ናቸው። አፏን የፈታችው በጌዴኡፋ ስለሆነ በአማርኛ ስትናገር ቃል እየመረጠች ነው፤ ክፍል ውስጥ ድምጿ እምብዛም አይሰማም ነበር።

ለመመረቂያዋ የመረጠችው መልእክት እየመሰጠረ የሚልክ፣ በነጻ የሚገኝና በየአገሩ ብዙ ድርጅት የሚተማመንበትን ሶፍትዌር ነው። ሆን ብላ የተበላሸ መልእክት እየላከችለት ምን እንደሚመልስ ለማየት ፈለገች። ስንቱ ባለሙያ ያገላበጠው ኮድ ስለሆነ ምንም ላይገኝበት እንደሚችል ነገርኳት። ቢሆንም ልሞክረው አለች።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ቢሮዬ መጥታ ቤተ ሙከራ ይዛኝ ሄደች። ሶፍትዌሩን ጭነን ለሙከራ ወዳዘጋጀነው ሰርቨር በይለፍ ቃሌ እንድገባ ጠየቀችኝ፤ ገባሁ። ከዚያ በሌላ ኮምፒውተር አንድ አጭር መልእክት ላከች። መልእክቱ ስለ ርዝመቱ ይዋሻል፤ ጥቂት ፊደል ይዞ ብዙ እንደያዘ ይናገራል። ሶፍትዌሩም አምኖ፣ የጎደለውን ከራሱ ማኅደረ ትውስታ እየዘገነ ሞልቶ መለሰላት። ከዝብርቅርቁ ፊደል መሀል የይለፍ ቃሌ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

እንድትደግመው ጠየቅኳት፤ ደገመችው። ያው ሶፍትዌር ባለበት ሁሉ፣ ባንክም ይሁን ሆስፒታል፣ እንዲህ ማድረግ ይቻላል ማለት ነው።

“ለማን ነገርሽ?” አልኳት።

“ለማንም። ቀዳዳው ሳይደፈን ከተወራ ሌባ ነው የሚቀድመው፣ መምህር።”

እዚያው ተቀምጠን ለሶፍትዌሩ ሠሪዎች ጻፍን። እነሱም አረጋግጠው መልስ ሰጡ፤ መጠገኛው እስኪወጣ በምስጢር እንድንይዘው ለመኑን። ችግሩ፣ ሥራዋን በፈታኞች ፊት የምታቀርብበት ዲፌንስ ከመጠገኛው ቀድሞ ደረሰ። ቀኑ ይራዘምልሽ ብላት እምቢ አለች፤ ከጓደኞቿ ጋር መመረቅ ፈልጋለች። ስለዚህ የሠራችበትን ዘዴ ብቻ አቀረበች። ከፈታኞቹ አንዱ በመጨረሻ ምን እንዳገኘች ሲጠይቋት ቀና ብላ፣ “ያገኘሁትን አሁን መናገር አልችልም” አለች። ውጤቷ መካከለኛ ሆነ። ኮሪደር ላይ ላጽናናት ስሞክር፣ ሰው ሳይጎዳ ከተጠገነ አይከፋኝም ብላኝ ጓደኞቿን ተከትላ ሄደች።

መጠገኛው የወጣው ከተመረቀች በኋላ ነው። ከማስታወቂያው ሥር ቀዳዳውን ያገኘችው እሷ መሆኗ በሙሉ ስሟ ተጽፏል። በቅድሚያ ሰርቨሮቻችንን አደስኩ፤ ከዚያ ወደ ገደብ ደወልኩ። እሷ ቡና ለቀማ ላይ ስለነበረች ስልኩን ያነሱት አባቷ ናቸው።

“ምን አድርጋ ነው?” አሉ፣ ደንገጥ ብለው።

“ብዙ አገር የሚተማመንበት ቁልፍ ያለ ከልካይ ይከፈት ነበር። የደረሰችበት ልጅዎ ናት።”

ሌላ ሰው አላየውም ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔ እስከማውቀው ማንም እንዳላየው ነገርኳቸው።

“እሷ ድሮም ዝም ብላ ታያለች” አሉኝ። ስልኩን ሳይዘጉ በጌዴኡፋ ጮክ ብለው ወደ ማሳው ተጣሩ። የሚሉት ባይገባኝም ድምፃቸው ውስጥ ያለው ኩራት የኔው ነበር።