ከኮርኒሱ በላይ ያለው ላሜራ

ወረታ ውስጥ ከእኛ በፊት ቤቱን በማሽን ያቀዘቀዘና ያሞቀ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ «ጠገቡ» ብሎናል። ጥጋብ አልነበረም። የእናቴ ልብ ደክሞ ነበር። ሐኪሙ ሙቀት እንዳይበዛባት፣ ድንጋጤም እንዳይደርስባት አጥብቆ አስጠንቅቆናል። የፎገራን ሜዳ የሚያዝያ ሙቀት የቀመሰ ሰው ይፈርድልናል። ባለቤቴ ከባሕር ዳር ማሽን አስመጣ። አየሩ ከኮርኒሱ በላይ በቱቦ እየሄደ በየክፍሉ ቀዳዳ የሚወርድ ነው።

የተከራከርነው በቱቦው ነው። ባለሙያው ሁለት ዓይነት አሳየን፤ አንዱ ስፖንጅ የለበሰ፣ እንደ አንጀት የሚተጣጠፍ፣ ሌላው ባዶ ላሜራ። «ለስላሳው ይሻላችኋል፤ ላሜራ ይጮኻል» አለ። እኔ ግን የሩዝ ነጋዴ ሚስት ነኝ። ጓዳችን ሩዝ፣ ግቢያችን ሩዝ፤ ሩዝ ባለበት ደግሞ አይጥ አይጠፋም። አይጥ ስፖንጁ ውስጥ ስትወልድ፣ እናቴም የአይጥ ትንፋሽ ስትስብ ታየኝ። «ላሜራ!» አልኩ። ባለቤቴ ከተቆጣሁ አይከራከረኝም፤ ላሜራ ሆነ።

እውነትም ይጮህ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ጣሪያውን ስትለቅ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። አንድ ሰው በጥፍሩ እየቆረቆረ ከሳሎን ወደ እናቴ ክፍል የሚሄድ ይመስላል። ቀስ በቀስ ለመድነው።

ብዙም ሳይቆይ አጎቴ ሞተ። የእናቴ ብቸኛ ወንድም ነበር፤ ይፋግ አጠገብ እያረሰ፣ ገበያ በመጣ ቁጥር አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሚያጫውታት። ጫማውን አውልቆ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ሩዝ ማሳው ዳር እንደተኛ አገኙት። ቀብረነው መጣን፤ ለእናቴ ግን ሠርግ ሄደን ነበር አልናት። ልቧ እስኪበረታ መርዶው ይቆይ ተባለ። ጥቁሬን ደጅ አውልቄ፣ ባለ አበባ ቀሚስ ለብሼ እገባላታለሁ። እሷ በሯ ተዘግቶ ስትተኛ፣ እኛ ሳሎን ተቀምጠን ዝቅ ባለ ድምፅ እንመክራለን።

እናቴ ስለ ወንድሟ መጠየቅ አቆመች። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ኋላ ግን ፈራሁ። አንድ ቀን ምሳ ሳጎርሳት ወደ ኮርኒሱ ቀዳዳ እያየች፣ «ጫማውን እንኳ አውልቆ» አለች። ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለስኩ።

«የማንን ጫማ እማየ?»

«የማንንም። ቃዥቸ ነው ልጀ።»

የጫማውን ነገር የነገራት ሰው የለም። አጎቴ ራሱ እየመጣ ይነግራታል ብዬ አመንኩ። ጠበል አስመጥቼ ክፍሉን አስረጨሁ። ወደ ቀዳዳው ቀና ማለት ተውኩ። ከዚያ የሚወርደው ቅዝቃዜ አንገቴን ሲነካኝ የሰው እጅ ይመስለኝ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ቆሞ ቤቱ ጭር አለ። እናቴ ተኝታለች፤ እኔ አጠገቧ ነኝ። ላሜራው ቀጭ አለ። ቀጥሎ ከጉድጓድ የሚወጣ የመሰለ የወንድ ድምፅ ከላያችን፣ «ለመቃብሩ አጥር እናሠራለት፤ ከብት ይረግጠዋል» አለ።

አጎቴ መጣ ብዬ አማተብኩ። ድምፁ ግን አሳለ፤ ሳሉን ለየሁት። ሳሎን ከእንግዳ ጋር የተቀመጠው ባለቤቴ ነው።

ወደ እናቴ ዞርኩ። ዓይኗን ጨፍናለች፤ እንባዋ ግን በጆሮዋ በኩል ወደ ትራሱ ይወርዳል። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ በቆመ ቁጥር፣ ሳሎን የመከርነውን ሁሉ በላሜራው በኩል ስትሰማ ከርማለች።

መርዶ ያለ ሽማግሌ አይነገርምና ወጥቼ ወደ ሰፈራችን ሽማግሌዎች ሄድኩ። አንደኛው ሰምተው ሲያበቁ «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» አሉኝ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ከንስሐ አባታችን ጋር መጡ። በሩን ስከፍት እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችን። የንስሐ አባታችን መናገር ሲጀምሩ፣ «ዐውቄዋለሁ አባቴ» አለች። «ትራሴን ነክሸ ነው የከረምሁት።»

«ምነው ሳትነግሪን እማየ?» አልኩ።

«እኔ እናንተን ከሰማሁ፣ እናንተም እኔን ትሰማላችሁ ብየ ነዋ። ለኔ ልብ ስትለፉ ልፋታችሁ ከንቱ እንዳይሆን።» ከዚያ ወደ ንስሐ አባታችን ቀና አለች። «አሁንስ ላልቅስለት አባቴ?»

«አልቅሽ ልጀ» አሉ።

ለሽማግሌዎቹ ወንበር ላመጣ ወደ ሳሎን ወጣሁ። ሳሎኑ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ማሽኑም ገና አልበራም። እናቴ ግን ከላይ፣ ከላሜራው ውስጥ «ወንድሜ! ወንድሜ!» ትላለች፤ ከሩዙ ጓዳም፣ ልጆቻችን ከተኙበት ክፍልም።